የተኩስ ጌም ቻናሎች፦ ተኩስን በእውን በሚያውቅ አካባቢ የትኛው ይታይ?

ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ወደ አንገር ሸለቆ ሲወርድ የከተማዋ ነፋሻ አየር ከኋላው ይቀራል፤ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል። በምሥራቅ ወለጋ ዞን የምትገኘው አንገር ጉቲን የበቆሎ፣ የሰሊጥና የአኩሪ አተር አገር ናት። ነባሩ ነዋሪና ከተለያዩ የሀገሪቱ ክፍሎች በሰፈራ የመጡ ቤተሰቦች ለዐሥርታት ጎን ለጎን የኖሩባት በመሆኗ በአንድ ገበያ አፋን ኦሮሞም አማርኛም ይሰማል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በዚህችም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች አንድ ሌላ ድምፅ ተጨምሯል። ከስልክ የሚወጣ የተኩስ ድምፅ ነው።

በፀጉር ቤት ተራ የሚጠብቀው፣ በሻይ ቤት በረንዳ የተቀመጠው፣ ከትምህርት ቤት የተመለሰው ወጣት ስልኩን አግድም ይዞ በሁለት አውራ ጣቶቹ ይጫናል። የሚጫወተው አብዛኛውን ጊዜ ፐብጂ ወይም ፍሪ ፋየር ነው። ዳታው ወይም የስልኩ አቅም አልፈቅድ ሲለው ደግሞ ሌሎች ሲጫወቱ በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ይመለከታል። ከጨዋታው ይልቅ ተመልካችነቱ ሰፊ ሆኗል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወላጆች «ልጄ የሚያየው ምንድን ነው?» ብለው መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም «ተወው፣ ዝም ብሎ ጌም ነው» ከሚለው የረዘመ ነው። ከሚታዩት ቻናሎች መካከል እውቀት የሚሰጡ አሉ። የቤተሰብን ገንዘብ የሚዘርፉም አሉ። ሕዝብን ሊያሸብር የሚችል ሐሰተኛ ምስል የሚያሰራጩ ደግሞ አይጠፉም። በተለይ የመጨረሻው በእኛ አካባቢ ከመዝናኛነት ያለፈ ጉዳይ ነው።

አስቀድሞ ጨዋታው ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይበጃል። ፐብጂን የፈጠረው ብሬንዳን ግሪን የተባለ አየርላንዳዊ ሲሆን፣ ከአንድ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ ጋር ሆኖ የኮምፒዩተር ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ አቀረበው። የስልኩ ቅጂ በቀጣዩ ዓመት ወጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ እስከ 100 የሚደርሱ ተጫዋቾች ከአውሮፕላን ወደ አንድ ሰፊ ሥፍራ በጃንጥላ ይወርዳሉ፤ ባዶ እጃቸውን ስለሚያርፉ መሣሪያና ስንቅ ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ መቆየት የሚፈቀድበት ክበብ በየጥቂት ደቂቃው እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የቀረው ሰው ወይም ቡድን አሸናፊ ይሆናል። የመጀመሪያው የጨዋታ ሥፍራ «ኤራንጌል» ይባላል፤ ስያሜው ከፈጣሪው ልጅ ስም የተወሰደ ነው። ጎረምሶቻችን ከአጎራባች ወረዳዎች መንገድ ይልቅ የዚህችን የሌለች ደሴት መንገድ አጥርተው ያውቃሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፍሪ ፋየር ደግሞ በሲንጋፖሩ ጋሬና ኩባንያ የቀረበ ሲሆን፣ በተመሳሳይ ዘመን የወጣና ለዝቅተኛ አቅም ስልኮች የተመቸ ነው። ተጫዋቾቹ 50 ገደማ ናቸው፤ አንዱ ዙር በ10 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። በርካሽ ስልክና በሚቆራረጥ ኔትወርክ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ከእነዚህ ሁለቱ በፊት ካውንተር ስትራይክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በሁለት ወጣቶች እንደ ትርፍ ጊዜ ሥራ የተጀመረው ይህ የኮምፒዩተር ጨዋታ በዓለም ዙሪያ በኢንተርኔት ቤቶች ተስፋፍቶ ዛሬ «ካውንተር ስትራይክ 2» በሚል ስም ቀጥሏል። አምስት ለአምስት ሆነው ይጫወቱታል፤ በስልክ ግን አይሠራም። ኮምፒዩተር የሌለው የወለጋ ወጣት ካውንተር ስትራይክን የሚያውቀው በማየት ብቻ ነው።

የውድድሩ መጠን ወላጆች ከሚገምቱት በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በሲንጋፖር በተካሄደው የፍሪ ፋየር የዓለም ውድድር የአንድ ጊዜ ከፍተኛ የተመልካች ቁጥር ከ5 ሚሊዮን በልጦ ነበር፤ ያሸነፈው የታይላንድ ቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሳዑዲ ዐረቢያ ሪያድ በተደረገው የኢ-ስፖርት ዓለም ዋንጫ ለሁሉም ጨዋታዎች የተመደበው ሽልማት በጠቅላላው ከ60 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ነበር። በዚያ መድረክ የፐብጂ የስልክ ውድድሩን ያሸነፈው አልፋ ሰቨን የተባለ የብራዚል ቡድን ነው። ብራዚልና ታይላንድ የሚሉት ስሞች ሊስተዋሉ ይገባል። በኮምፒዩተር ጨዋታዎች ዘመን ሜዳውን በብዛት የያዙት ባለጸጎቹ አገሮች ነበሩ፤ ስልክ ሲመጣ ግን በሩ ሰፋ። ከዚህ ተነሥቶ «የእኔም ልጅ በዚህ ይከብራል» የሚል ቢኖር ግን ይጠንቀቅ። ከሚሊዮኖች መካከል ደመወዝተኛ የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ እነርሱም የተረጋጋ መብራት፣ ፈጣን ኢንተርኔትና አሠልጣኝ አላቸው።

እንግዲህ ወደ ቻናሎቹ። የመጀመሪያው ምክር፣ የሚከታተል ሰው ከግለሰቦች በፊት ይፋ ከሆኑት የውድድር ቻናሎች ይጀምር የሚል ነው። የፐብጂ ሞባይልም ሆነ የፍሪ ፋየር ባለቤቶች ለኢ-ስፖርት ብቻ የተለየ የዩቲዩብ ቻናል አላቸው፤ ለካውንተር ስትራይክ ደግሞ ኢኤስኤል የተባለው አወዳዳሪ ድርጅት ትልልቆቹን ግጥሚያዎች ያስተላልፋል። እነዚህ ቻናሎች የሚመረጡት ስድብ ስለማይሰማባቸው ብቻ አይደለም። በኳስ ሜዳ እንደለመድነው ሁለት ሦስት ተንታኞች ተቀምጠው ቡድኑ ለምን ወደዚያ ኮረብታ እንደወጣ፣ ለምን ተኩስ ሳይከፍት እንዳሳለፈ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ ያስረዳሉ። በግለሰቦች ቻናል የሚታየው የተገደለው ሰው ብዛት ነው፤ በውድድር ቻናል የሚታየው ግን ያልተተኮሰው ጥይት ነው። ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ የፐብጂ ቡድኖች አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፉት በመጠበቅ፣ ቦታ በመያዝና ክበቡ ወዴት እንደሚጠብ በመገመት ነው። ይህን ያስተዋለ ወጣት ጨዋታውን እንደ ገበጣ ማየት ይጀምራል፤ ጠጠር ከመዝራት በፊት ስንት ቤት እንደሚያልፍ ይቆጥራል።

ሁለተኛዎቹ አስተማሪዎቹ ናቸው። በካውንተር ስትራይክ ዓለም «ዋርአውል» በሚል ስም የሚታወቀው ሰው ለጀማሪዎች ለዓመታት ትምህርት ያቀረበ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ የሚዘልበትን ባሕርይ እንዴት መቆጣጠር እንደሚቻል፣ ከግድግዳ ጀርባ መቼ መውጣት እንደሚገባ፣ ከጓደኛ ጋር በአጭር ቃል እንዴት መነጋገር እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። «ስሪ ክሊክስ ፊሊፕ» የሚባለው እንግሊዛዊ ደግሞ የሚወደደው በሌላ ምክንያት ነው። እርሱ ይፈትናል። አንድ መሣሪያ በእርግጥ ከሌላው ይሻላል ወይ የሚለውን በወሬ ሳይሆን ደጋግሞ በመለካት፣ ቁጥሩን በሰንጠረዥ በማስቀመጥ ያሳያል። የፊዚክስ መምህር ለሆነ ሰው የእርሱን አቀራረብ መመልከት ይጠቅመዋል ብል አላፍርም፤ መላ ምት፣ ሙከራ፣ መረጃ፣ መደምደሚያ ሁሉ በሥርዓት ይገኙበታል።

ሦስተኛዎቹ በችሎታቸው የሚታዩ ተጫዋቾች ናቸው። «ሽራውድ» የተባለው ካናዳዊ የካውንተር ስትራይክ ደመወዝተኛ ተጫዋች የነበረና በኋላ በቀጥታ ሥርጭት ስመ ጥር የሆነ ነው፤ ሲጫወት አይጮኽም፣ እጁ ብቻ ይናገራል። በስልኩ ፐብጂ ስዊድናዊው «ሌቪንሆ» በፍጥነቱ ይታወቃል። ከሕንድ «ሞርታል» እና «ጆናታን» የሚባሉት ሰፊ ተከታይ አላቸው፤ በፍሪ ፋየር ደግሞ «ቶታል ጌሚንግ» የተባለው የሕንድ ቻናል ከ30 ሚሊዮን የሚበልጡ ተከታዮችን አፍርቷል። የሕንዶቹ ንግግር ሂንዲ ነው። ይህ ግን የእኛን ወጣት ሲያግደው አይታይም። አባቶቹም ቃሉን ሳይሰሙ የሕንድ ፊልም እያዩ ያለቀሱ ነበሩ። በእነዚህ ቻናሎች ላይ ያለን ቅሬታ ሌላ ነው። የሚታየው የተመረጠው ድል ብቻ ነው። አንድ ሰው ስምንት ሰዓት ተጫውቶ የተሳካለትን ዐሥር ደቂቃ ቆርጦ ሲያቀርብ፣ ተመልካቹ ልጅ የራሱን ሽንፈት ከዚያ ጋር እያነጻጸረ ይበሳጫል፤ ከብስጭቱም ለመውጣት ተጨማሪ ሰዓት ይጫወታል።

በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የሚቀርበው ትንታኔ ግን ከፈላጊው ብዛት አንጻር ገና ጥቂት ነው። ክፍተቱ የሚያስቆጭ ነው፤ ምክንያቱም ሥራው ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። በጌም ሥራ በኩል ሀገራችን ጅምር አላት፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከተኩስ የራቁትን «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተሰኙ የስልክ ጨዋታዎች ሠርቶ አቅርቧል። የሪያዱን ውድድር በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ተቀምጦ የሚተነትን ሁለት ወጣት ከነቀምቴ ቢነሣ አድማጭ አያጣም።

የዳታውን ነገር አርሶ አደር ወላጆች በጥሞና ሊያነቡት ይገባል፤ ብዙዎች የሚገምቱት ተገልብጦ ነውና። ጨዋታውን አንዴ ለማውረድ ጊጋባይቶች ያስፈልጋሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን መጫወቱ በሰዓት የሚፈልገው በአብዛኛው ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። የሚላከው የተጫዋቾች ቦታና እንቅስቃሴ እንጂ ምስል አይደለምና። ዳታ የሚበላው ማየቱ ነው። ቪዲዮ በ720 ጥራት ሲታይ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በ480 ጥራት ወደ ግማሽ ጊጋባይት ይጠጋል፤ በ144 ጥራት ደግሞ እጅግ ይቀንሳል። ልጁ «ዛሬ አልተጫወትኩም፣ ዝም ብዬ ሳይ ነው የዋልኩት» ቢል ካርዱ ለምን ቶሎ እንዳለቀ መልሱ እዚያው ውስጥ ነው። በ144 የተጫዋቾቹ ስም አይነበብም፣ ሩቅ ያለ ሰውም አይታይም፤ 240 ወይም 360 ላይ ማድረጉ ለትንሽ ስክሪን ይበቃል። ቀጥታ ሥርጭት ከማየት የተቀዳውን ጠብቆ አስፈላጊውን ክፍል ብቻ ማየትም ሌላው ቁጠባ ነው። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል በመርከሱ ምክንያት ሌሊቱን የሚያነጋ ልጅ ግን ገንዘብ ቆጥቦ እንቅልፍ ያባክናል። በመስከረም 2017 ዓ.ም በኢትዮ ቴሌኮም የተደረገውን የታሪፍ ማሻሻያ የቀመሰ ቤተሰብ ሒሳቡን ለራሱ ይሠራው።

ኔትወርኩ ራሱም የሚታመን አልነበረም። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ ማብቂያ አንሥቶ እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ በመላው ሀገሪቱ ለሳምንታት ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ ድረስ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ታግደው ቆይተዋል። በእነዚያ ወራት ብዙ ወጣቶች ቪፒኤን መጠቀምን ተማሩ፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ስልክ ላይ መጫን ግን ቤትን ለማያውቁት ሰው ቁልፍ እንደ መስጠት ነው። ሌላው የተለመደው መንገድ ሚሞሪ ካርድ ነው። ቪዲዮው አንዴ ይወርድና ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ይህ ዘዴ እንዲያውም በግብርናው ዘርፍ የተፈተነ ነው፤ ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን ኢንተርኔትና መብራት በሌለበት ቀበሌ ሁሉ የአዘራር ቪዲዮዎችን በትንንሽ ፕሮጀክተሮች ሲያሳይ ቆይቷል። ያው ስልክ በነጻ ወደ 8028 ተደውሎ የግብርና ምክር የሚሰማበት መሆኑንም እግረ መንገዳችንን እናስታውስ።

ከውጭ ሆነው ለሚጫወቱት ደግሞ ፒንግ የሚባል ነገር አለ። ምልክቱ ከስልኩ ተነሥቶ ሰርቨሩ ወዳለበት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ የሚለካውም በሺኛ ሰከንድ ነው። ሰርቨሮቹ በውጭ አገር ስለሆኑ የእኛ ተጫዋች በመካከለኛው ምሥራቅ ወይም በአውሮፓ ካለው ጋር ሲገናኝ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነው። የተሻለ ችሎታ እያለው በሩቅነት ይሸነፋል። ቻናል ላይ ያየውን ብልሃት ሞክሮ ያልተሳካለት ልጅ ይህን ካላወቀ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

አሁን ወደ ወጥመዶቹ እንምጣ። «ነጻ ዩሲ» ወይም «ነጻ ዳይመንድ» የሚል ርእስ ያለው ቪዲዮ ሁሉ ጥርጣሬ ይገባዋል። ዩሲና ዳይመንድ በጨዋታው ውስጥ ልብስና ቀለም የሚገዛባቸው የይስሙላ ገንዘቦች ናቸው፤ ለማግኘት ግን እውነተኛ ብር ይከፈላል። በነጻ እንሰጣለን የሚሉት ቻናሎች መጨረሻቸው አንድ ነው፤ ሊንክ ይሰጣሉ፣ የሚስጥር ቃል ይጠይቃሉ፣ አለዚያም በስልክ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ላኩልን ይላሉ። የአባት የቴሌብር ሒሳብ በልጅ ስልክ ላይ ባለበት ቤት ይህ የጌም አካውንት ከመጥፋት ያለፈ ጉዳት አለው። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይሰጥም፤ ለልጅም ቢሆን። «በግድግዳ ውስጥ የሚያሳይ»፣ «ጥይት የማይስት» እያሉ የተቀየረ የጌም ፋይል የሚያስጭኑት ቻናሎች ደግሞ ከማጭበርበር በላይ ናቸው፤ ፋይሉ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። በጨዋታ ቪዲዮ መካከል የቁማር ማስታወቂያ የሚያስገቡትንም ከዚሁ ጋር መደመር ይቻላል። የዕድሜ ነገርም አለ። የፐብጂ ሞባይል የአውሮፓ የዕድሜ ምደባ 16 ዓመት ነው። በእኛ ከተሞች ግን የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጆች ሲጫወቱት ማየት አዲስ አይደለም።

ከሁሉ የከበደውን ወደ መጨረሻ ያቆየነው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሣ አውሮፕላን ሲመታ፣ ታንክ ሲቃጠል የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች በዓለም ተሰራጩ። ከእነዚያ መካከል በርካታዎቹ እውነት አልነበሩም፤ «አርማ 3» ከሚባል የጦር ሜዳ ጨዋታ የተቀረጹ ነበሩ። ነገሩ እየከፋ በመሄዱ የጨዋታው ባለቤት የሆነው የቼክ ሪፐብሊክ ኩባንያ ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር አካባቢ መግለጫ አውጥቶ ሐሰተኛውን እንዴት መለየት እንደሚቻል ለሕዝብና ለጋዜጠኞች አስረዳ። በቀጣዩ ዓመት በጋዛ ጦርነት ጊዜም ተመሳሳይ ማታለል ተደግሟል። በእነዚያ አገሮች የተሳሳተው ተመልካች ያፈረ እንደሆነ ነው። በእኛ አካባቢ ግን «እገሌ ቀበሌ ዛሬ ማታ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አንድ ጨለማ ቪዲዮ በቴሌግራም ቢዞር ቤተሰብ ሌሊት ሕፃን አዝሎ ከቤቱ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ የምሥራቅ ወለጋ ሕዝብ፣ የትኛውም ቋንቋ ተናጋሪ ቢሆን፣ መፈናቀልን በሚገባ ያውቃል። ወሬ ከጥይት ቀድሞ ሰው እንደሚያስነሣ ያየ ሕዝብ ነው።

ጌም የሚከታተሉት ወጣቶች በማኅበረሰባቸው ዘንድ ጠቃሚ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው። ኩባንያው ከዘረዘራቸው ምልክቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ሐሰተኛው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ ጥራቱ ሆን ተብሎ የወረደ ነው፤ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ጨለማ ነው፤ ድምፅ የለውም፤ ወይም ሲንቀሳቀሱ የሚታዩ ሰዎች የሉበትም፣ ምክንያቱም ጨዋታ የሰውን አካሄድ በትክክል ማስመሰል ይከብደዋል። ጭስና አቧራው እንደ ጥጥ ክብ እየሠራ ይወጣል፤ ልብሱና ተሽከርካሪው ከተባለው ሠራዊት ጋር አይገጥምም፤ አንዳንዴም የጨዋታው ምልክት ከስክሪኑ ጥግ ሳይጠፋ ይቀራል። ይህን ለመለየት ዓይኑ በጌም የሠለጠነ ወጣት ከማንኛችንም ይበልጣል። አዛውንቶች በስልካቸው የሚያስፈራ ምስል ሲደርሳቸው ለሌላ ሰው ከማስተላለፋቸው በፊት «ልጄ፣ እስቲ ይህን እየው፤ እውነት ነው ጌም?» ብለው ቢጠይቁት፣ ልጁ በከንቱ አጠፋ የተባለው ጊዜ የመንደር ጥቅም ይሆናል። ልጁም ቢሆን እርግጠኛ ካልሆነ አላውቅም ማለት አለበት፤ እውነተኛ ጥቃትን «ጌም ነው» ብሎ ማስተባበልም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነውና።

«የተኩስ ጌም ልጆችን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል» የሚለው ስጋትስ? የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የአቋም መግለጫ ኃይለኛ ጨዋታዎች እንደ መጮኽና መገፈታተር ካሉ የቁጣ ባሕርያት ጋር ትንሽ ግንኙነት እንዳላቸው አምኖ፣ ከነፍስ ግድያ ጋር ለማያያዝ ግን በቂ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ጨዋታን መቆጣጠር አቅቶት ትምህርቱን፣ ሥራውንና ማኅበራዊ ኑሮውን የተወ ሰው እንደ ሕመምተኛ እንዲታይ በበሽታዎች መዝገቡ አስገብቷል፤ መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ቻይና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሳምንት ሦስት ሰዓት ብቻ እንዲጫወቱ ወስናለች። በእኛ ሁኔታ የከበደው የግድያው ስጋት ሳይሆን የሰዓቱ ይመስለናል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ። በወለጋ ደግሞ በጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የቆዩበት ዘመን ነው። ያን የጎደለ ትምህርት የሚሞላ ልጅ በቀን አራት ሰዓት ሌላ ሰው ሲጫወት ለማየት ጊዜ የለውም።

ስለዚህ ቤተሰብ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አይደለም፤ ከባድም አይደለም። ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሚከተላቸውን ቻናሎች አንድ በአንድ ማየት፣ «ነጻ» የሚሉትንና መሳደብ የሚያበዙትን ማስወጣት፣ በምትካቸው የውድድሩንና የአስተማሪዎቹን ማስገባት ነው። በዩቲዩብ ቅንብር ውስጥ ለልጆች የማይገባውን የሚቀንስ ገደብ አለ፤ የቪዲዮውን ጥራት ዝቅ አድርጎ የሚያቆይ የዳታ ቁጠባም እዚያው ይገኛል። ሁለቱም በአንድ ደቂቃ ይስተካከላሉ። ስልኩን መቀማት ግን ልጁን ወደ ጓደኛው ስልክ ይልከዋል፤ እዚያ የሚያየውን ደግሞ ማንም አይቆጣጠረውም።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ የጆሮ ማዳመጫ። የጆሮ ማዳመጫ ሳያደርግ የሚወዳደር አንድም ደመወዝተኛ ተጫዋች የለም። የእግር ኮቴ ከቀኝ ነው ከግራ፣ ጥይቱ ከቅርብ ነው ከሩቅ የሚለው የሚለየው በእርሱ ነው፤ ርካሹም ቢሆን ከስልኩ ድምፅ ማጉያ ይሻላል። በአንገር ጉቲንና በአካባቢዋ ደግሞ ሌላም ምክንያት አለ። በግድግዳው ማዶ፣ በግቢው ኪራይ ክፍል፣ በዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ከቀዬው ተኩስ ሰምቶ የወጣ ሰው ሊኖር ይችላል። ያች እናት ማታ እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ ከጎረቤት ስልክ የሚወጣውን ድምፅ ስትሰማ ጌም መሆኑን የሚነግራት የለም።